ጸረ-ቫይረስ ስንቀይር አሮጌውና አዲሱ እንዳይጋጩ ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን?

የሒሳብ_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በምገለገልበት ላፕቶፕ ላይ የተጫነው ጸረ-ቫይረስ የአገልግሎት ጊዜው በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ድርጅቱ በምትኩ የሌላ ኩባንያ ምርት ስለገዛ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኛል። የምርቶቹን ስም ያልጠቀስኩት ጥያቄዬ የትኛው ይሻላል የሚል ስላልሆነ ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራምና የበርካታ ዓመታት የሒሳብ መዝገብ አለበት፤ ከደንበኞችና ከጉምሩክ አስተላላፊዎች የሚመጡ ሰነዶችም በየቀኑ በፍላሽ ይገቡበታል።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አዲሱን አስቀድሜ ብጭነው ሁለቱ ይጋጫሉ ይባላል፤ አሮጌውን አስቀድሜ ባራግፈው ደግሞ አዲሱ እስኪገባ ማሽኑ ያለ ጥበቃ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። በተጨማሪም አሮጌው ፕሮግራም የፒችትሪን ፎልደር እንዳይመረምር ተደርጎ የተስተካከለ መሆኑን አውቃለሁ። ይህ ማስተካከያ ወደ አዲሱ ይተላለፋል ወይስ እንደገና መሠራት አለበት? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የጥገና_ባለሙያ፦

ሰላም እህቴ። አስቀድሞ አሮጌው መውጣት አለበት፤ ይህ ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ቢከተሉት ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቆም ትእዛዝ ስለሆነ ምክንያቱን ላስረዳ።

ወርድ ወይም ኤክሴል ሲዘጉት ይዘጋል። ጸረ-ቫይረስ ግን በመስኮት ከምናየው ክፍል ሌላ በዊንዶውስ ከርነል (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ የሚሠራ የራሱ ድራይቨር (ከሥርዓቱ ጋር የሚያገናኘው አነስተኛ ፕሮግራም) አለው። ማንኛውም ፋይል ሲከፈት ጥያቄው ዲስኩ ጋ ከመድረሱ በፊት በዚህ ድራይቨር በኩል ያልፋል፤ ማይክሮሶፍትም ለእነዚህ ድራይቨሮች እያንዳንዱ የሚቀመጥበትን ደረጃ የሚወስን ቁጥር ይሰጣል። ለጸረ-ቫይረስ የተመደበው ከ320000 እስከ 329998 ያለው ነው። ሁለት ጸረ-ቫይረሶች አንድ ላይ ሲሠሩ አንዲት የፒችትሪ ፋይል ስትከፈት ሁለቱም ይይዟታል፤ አንደኛው ለመመርመር ፋይሏን ሲያነብ ሌላኛው ያንን ንባብ ራሱን ሊመረምረው ይችላል፤ አንደኛው የታመቀ ፋይል ፈትቶ በጊዜያዊ ፎልደር ሲያስቀምጥ ሌላው «ቫይረስ አገኘሁ» ብሎ ይቆልፈዋል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ራሱን ከጥቃት የሚከላከልበት ሥርዓት ስላለው፣ የሌላውን እንቅስቃሴ እንደ ጥቃት ቆጥሮ ሊያግደው ይችላል። ተጠቃሚው የሚያየው መንቀራፈፍን፣ የማይከፈቱ ፋይሎችን፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪንን ነው። በከርነል ደረጃ የሚፈጠር ስሕተት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ታይቷል፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጥሏል።

ስለዚህ ከማራገፍዎ በፊት የሚከተሉትን ያሰናዱ። የፒችትሪን ባክአፕ ወስደው ከላፕቶፑ ውጭ ያስቀምጡ። የአዲሱን ፕሮግራም ሙሉ መጫኛ ፋይል ያውርዱ፤ ብዙ ኩባንያዎች መጀመሪያ የሚሰጡት ትንሽ ፋይል ሲሆን ዋናውን የሚያወርደው በመጫን ላይ እያለ ነው፤ ኢንተርኔት ወይም መብራት መሐል ላይ ቢቋረጥ ሥራው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የአሮጌውን ኩባንያ ማጽጃ መሣሪያም ከራሱ ከኩባንያው ድረ-ገጽ ብቻ አውርደው በፍላሽ ይያዙ፤ አቫስት፣ ኢሴት፣ ማካፊ፣ ኖርተን፣ ቢትዲፌንደርና ካስፐርስኪ ሁሉም ይህን መሰል መሣሪያ አላቸው። ከማስተካከያዎቹ ገጽ ላይ ከምርመራ ነጻ የተደረጉትን ፎልደሮች ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ኩባንያ የሌላውን ማስተካከያ ስለማያነብ እንደገና በእጅዎ ማስገባት ይኖርብዎታል። ኳራንቲን (የተያዙ ፋይሎች ተለይተው የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ የሚፈልጉት ፋይል መኖሩንም ይመልከቱ፤ ፕሮግራሙ ሲራገፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ያራግፉና ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» ያድርጉ። «ሻት ዳውን» ብለው መልሰው ማብራት አይበቃም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ፈጣን አነሳስ የሚባለው ማስተካከያ በርቶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ከርነሉ በዲስክ ላይ ተቀምጦ ሲበራ እንዳለ ይመለሳል፤ አሮጌው ድራይቨርም አብሮት ሊመለስ ይችላል። ሪስታርት ግን ከርነሉን ከባዶ ያስነሳዋል። «አራግፌዋለሁ፣ አዲሱ ግን አሁንም አለ ይለኛል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት በዚህች ልዩነት ነው።

ጥንቃቄ_ወዳድ፦

የጥገና ባለሙያውን አስተያየት በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። የእህታችን ላፕቶፕ በየቀኑ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት ነው። በየሕትመት ቤቱ የሚዞር ፍላሽ ፎልደሮችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካ ቫይረስ ይዞ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጥበቃውን አውጥቶ በኢንተርኔት ፍጥነት ላይ ተመርኩዞ አዲሱን መጠበቅ፣ ለሰዓታትም ቢሆን፣ ለሒሳብ መዝገብ የሚያሰጋ ነው። እኔ የማውቀው አዲሱን ጭኖ፣ መሥራቱን አረጋግጦ፣ ከዚያ አሮጌውን ማውጣት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ መጫኛዎችም አሮጌውን ራሳቸው አግኝተው ያስወግዱታል።

የጥገና_ባለሙያ፦

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ባዶ አይቀርም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አብሮ ይገኛል። ሌላ ጸረ-ቫይረስ ተጭኖ ራሱን በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ሲያስመዘግብ ዲፌንደር ሥራውን ያቆማል፤ የተመዘገበው ሲራገፍ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ በመሐሉ ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው እርሱ ነው። ማስታወስ የሚገባው፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ስለነበረ የቫይረስ መለያዎቹ (ቫይረሶችን የሚያውቅባቸው ዝርዝሮች) ያረጁ ሊሆኑ መቻላቸውን ነው፤ ከሪስታርት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የዲፌንደርን መለያዎች ማደስ ይሁን። አዲሱ ገብቶ እስኪታደስ ድረስ ደግሞ ምንም ዓይነት ፍላሽ አይሰካ። የራስዎን መጫኛ የያዘውን ፍላሽ ንጹሕ መሆኑን አስቀድመው በአሮጌው ያስመርምሩት።

መጫኛዎች አሮጌውን ራሳቸው ያስወግዳሉ የሚለው እውነት ነው፤ ኢሴት ለምሳሌ የሌሎችን ኩባንያዎች ምርት የሚያወጣ የራሱ መሣሪያ አለው። ነገር ግን አንድ ኩባንያ የሌላውን ፕሮግራም የሚያወጣው በሚያውቀው መጠን ነው፤ አዲስ ስሪት ወጥቶ ከሆነ ወይም አሮጌው በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከሆነ ሥራው ግማሽ ላይ ሊቀር ይችላል። ግማሹ የወጣ ጸረ-ቫይረስ ሙሉ በሙሉ ካልወጣው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከፕሮግራሞች ዝርዝር ስለጠፋ ማራገፊያው አይገኝም፣ ድራይቨሩ ግን ከርነል ውስጥ አለ። ማሻሻያ የማይደርሰው ድራይቨር ደግሞ ዊንዶውስ በተሻሻለ ቁጥር እያደር አስጊ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉትን የፕሮሰሰር ክፍተቶች የሚደፍነው አፕዴት ሲወጣ፣ አንዳንድ ጸረ-ቫይረሶች የከርነልን ሜሞሪ ባልተፈቀደ መንገድ ይጠቀሙ ስለነበር ማይክሮሶፍት «ይህ ጸረ-ቫይረስ ተስማሚ ነው» የሚል ምልክት በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ ማስተካከያዎች መዝገብ) ውስጥ ያልተገኘበት ኮምፒውተር አፕዴቱን እንዳያገኝ አድርጎ ነበር።

በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የዲፌንደር መለያዎች እስከ እ.ኤ.አ. 2028 እንደሚቀጥሉ ኩባንያው አስታውቋል፤ የትኛውም ጸረ-ቫይረስ ግን የራሱን የዊንዶውስን ክፍተት ስለማይደፍን ድርጅቱ ወደ 11 መዛወሩን ወይም የተራዘመውን ድጋፍ ማግኘቱን ቢያስብበት መልካም ነው።

የሜሪላንድ_ነዋሪ፦

እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ይህን ጉዳይ ሳንፈልገው እንድናስብበት ተገደን ነበር። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2024 ካስፐርስኪ በአገሪቱ እንዳይሸጥ ወሰነ፤ አዲስ ሽያጭ ከጁላይ 20 ጀምሮ ቆመ፤ ለነባር ደንበኞች ማሻሻያ መላክም ከሴፕቴምበር 29 በኋላ ተከለከለ። ካስፐርስኪ ደንበኞቹን ፓንጎ ለተባለ ኩባንያ አስተላለፈ፤ ሴፕቴምበር ላይም በብዙ ኮምፒውተሮች ካስፐርስኪ በራሱ ተራግፎ አልትራ ኤቪ የተባለ ፕሮግራም በቦታው ተተካ። ስለ ዝውውሩ ኢሜይል ተልኮ ነበር፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ በራሱ ይተካል ብለው ያልጠበቁ ሰዎች ጠዋት ሲነሱ የማያውቁትን ጸረ-ቫይረስ አግኝተው ቫይረስ የገባባቸው መስሏቸው ነበር።

ይህን የማነሳው ለአንድ ቁም ነገር ነው። በዚያ ወቅት ብዙ የማኅበረሰባችን አባላት፣ በተለይ እናትና አባቶቻችን፣ የቀድሞው ወጥቶ እንደሆነ፣ አዲሱ የትኛው እንደሆነ፣ ዲፌንደር በርቶ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። መልሱ የሚገኘው በአንድ ቦታ ነው፦ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብቶ በሴቲንግስ ሥር «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚለውን መክፈት። ኮምፒውተሩን አሁን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። እህታችንም ከማራገፍ በፊት፣ ካራገፉ በኋላና አዲሱን ከጫኑ በኋላ ይህን ገጽ ቢያዩት ባለፉበት ደረጃ ሁሉ እርግጠኛ ይሆናሉ።

ደግሞም ፕሮግራሙን ማራገፍ ክፍያውን አያቋርጥም። በባንክ ካርድ የተገዛና በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ከሆነ፣ እድሳቱ የሚቆመው በኩባንያው ድረ-ገጽ ላይ ባለው አካውንት ውስጥ ነው። አብሮት የመጣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ካለም ይዘቱን ሳያወጡ እንዳያራግፉ አደራ።

የሰርቨር_ተቆጣጣሪ፦

ውይይቱ በጣም ጠቅሞኛል፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ አለኝ። በእኛ መሥሪያ ቤት የሒሳብ መረጃው ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ላይ ነው። በሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ጸረ-ቫይረሱን ስንቀይር ምንም ችግር አልገጠመንም፤ ሰርቨሩ ግን አዲሱ ከተጫነ ወዲህ የወር መዝጊያ ሪፖርት ለማውጣት ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። አሮጌው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አረጋግጫለሁ። ከምን ይጀመር?

የጥገና_ባለሙያ፦

ከዲፌንደር ይጀምሩ። ቀደም ብዬ የገለጽኩት፣ ሌላ ጸረ-ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ሥራውን የሚያቆምበት አሠራር የሚመለከተው ዊንዶውስ 10 እና 11ን ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሌላ ጸረ-ቫይረስ ቢጫን ዲፌንደር በራሱ አያቆምም፤ ስለዚህ አሁን በሰርቨርዎ ላይ ሁለቱም እየመረመሩ ሊሆን ይችላል። ሰርቨር ማኔጀር ውስጥ ገብተው ከፊቸሮች ዝርዝር ዲፌንደር አንቲቫይረስን ያስወግዱና ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ሪስታርት ያድርጉ። ወደፊት የአሁኑን ምርት ብታወጡት ግን ዲፌንደር በራሱ ተመልሶ አይመጣም፤ በዚያው መንገድ መልሳችሁ ካልጫናችሁት ሰርቨሩ እውነተኛ ባዶነት ላይ ይወድቃል። ይህን በማሽኑ መዝገብ ላይ በጽሑፍ አስፍሩት፤ ያኔ እርስዎ በቦታው ላይኖሩ ይችላሉ።

የሒሳብ_ክፍል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ በተባለው ቅደም ተከተል ጀመርኩ። ባክአፑ ተወስዷል፤ ነጻ የተደረጉት ፎልደሮች ፎቶም አለኝ። አሮጌው ያለ ችግር ተራገፈ፤ ሪስታርት ከተደረገ በኋላም ዲፌንደር መነሳቱን ሜሪላንድ ያሉት ወንድማችን በጠቆሙት ገጽ ላይ አየሁ። ይሁን እንጂ ላፕቶፑ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቷል እያለ አንድም ድረ-ገጽ አይከፍትም። ይህን የምጽፈው ከስልኬ ነው። መጫኛውን አስቀድሜ በፍላሽ ስለያዝኩት አዲሱን መጫን እችላለሁ፤ ግን አክቲቬት ለማድረግና ለማደስ ኢንተርኔት ያስፈልገኛል። ልቀጥል ወይስ ልቁም?

የጥገና_ባለሙያ፦

ይቁሙ፤ አዲሱን ገና አይጫኑ። ጸረ-ቫይረሱ ፋይል ብቻ ሳይሆን የኔትወርክ ምልልስንም ይመረምር ስለነበር ለዚያ የሚያገለግል ሌላ ማጣሪያ አለው፤ የቀረው እርሱ ይመስለኛል። ወደ ኔትወርክ አዳፕተሮች ገጽ ይግቡና በዋይፋዩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»ን ይክፈቱ። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የአሮጌው ኩባንያ ስም ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜም «ፊልተር» የሚል ቃል የተጨመረበት መስመር ካገኙ ማስረጃው ይኸው ነው።

እርሱን ብቻ ነጥሎ ከማውጣት ይልቅ በፍላሽ የያዙትን ማጽጃ መሣሪያ ያስኪዱ፤ ሌሎች የቀሩ ካሉም አብሮ ይጠርጋቸዋል። መሣሪያው በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ ክፍሎቹን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) እንዲሠራ ኩባንያው ካዘዘ፣ «ሺፍት»ን ተጭነው ይዘው ሪስታርትን በመጫን ከሚመጡት ምርጫዎች ወደ ሴፍ ሞድ መግባት ይቻላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ በእጅዎ ሳይኖር ወደ ሴፍ ሞድ አይሂዱ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ መረጃው ተቆልፎ ይቀራል።

መሣሪያው ጨርሶ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው «ኤፍ ኤል ቲ ኤም ሲ» የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያለ ክፍተት ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። የማጣሪያዎቹ (ፋይሎች የሚያልፉባቸው ድራይቨሮች) ስምና ደረጃ ይዘረዘራል። በ328010 ላይ የሚያዩት የራሱ የዲፌንደር ነው፤ አይንኩት። ከ320000 እስከ 329998 ባለው ውስጥ ከእርሱ በስተቀር ሌላ ከሌለ የፋይሉ በኩል ንጹሕ ነው። በይነመረብ ላይ «ኔትወርክ ሪሴት አድርጉ» የሚል ምክር ቢያገኙ የመጨረሻ አማራጭ አድርገው ይያዙት፤ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና የቪፒኤን ማስተካከያዎችን ይደመስሳል።

የሒሳብ_ክፍል፦

መስመሩ እንዳሉት ተገኝቷል። ዲስኩ በቢትሎከር አልተቆለፈም ነበር፤ ማጽጃው በሴፍ ሞድ ሠርቶ ከጨረሰና ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ በዝርዝሩም ላይ ከዲፌንደር ሌላ አልቀረም። የዲፌንደርን መለያዎች አድሼ አዲሱን ጫንኩ፤ አክቲቬት አደረግሁት፤ በፕሮቫይደሮች ገጽ ላይም አሁን የሚታየው የአዲሱ ስም ነው።

ከፎቶው ላይ ነጻ የተደረጉትን ፎልደሮች ላስገባ ስል ግን አንድ ነገር አየሁ። የፒችትሪ የመረጃ ፎልደር እንደሚጠበቀው አለ። ከእርሱ ሌላ «ዳውንሎድስ» በሙሉ እና ማንነቱን የማላውቀው በዲ ድራይቭ ላይ ያለ አንድ ፎልደር ነጻ ተደርገዋል። ቀድሞ የነበረውን እንዳለ ልመልሰው?

ጥንቃቄ_ወዳድ፦

በቅደም ተከተሉ ላይ የጥገና ባለሙያው አሳምነውኛል፤ የዲፌንደርን ራሱን መመለስ በሚገባ አላጤንኩትም ነበር። በዚህኛው ጥያቄ ላይ ግን እኔ ልመልስ፦ እንዳለ አይመለስ። የፒችትሪ ፎልደር በቂ ምክንያት አለው፤ የመረጃ ፋይሎቹ ያለማቋረጥ የሚጻፍባቸው ስለሆኑ በየጊዜው መመርመራቸው ሥራውን ያጓትታል። «ዳውንሎድስ»ን ነጻ ማድረግ ግን በሩን ከፍቶ መተው ነው፤ ከኢንተርኔት የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ማስተካከያ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአንድ መንገድ ነው፦ አንድ ሰው ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ፕሮግራም ሊጭን ይፈልጋል፣ ጸረ-ቫይረሱ ይከለክለዋል፣ እርሱም ፎልደሩን ነጻ አድርጎ ይጭንና ማስተካከያውን ሳይመልስ ይሄዳል። ክራክ የሚባሉት ፋይሎች ደግሞ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ናቸው። በዲ ድራይቭ ላይ ያለውን ፎልደር ሳይከፍቱ በአዲሱ ጸረ-ቫይረስ ያስመርምሩት። ከዚያም ሙሉ ምርመራ ያድርጉ፤ አሮጌው ለዓመታት ሳያየው የኖረ ነገር ካለ የሚገኘው አሁን ነው።

የሒሳብ_ክፍል፦

የፒችትሪን ፎልደር ብቻ መለስኩ። በዲ ድራይቭ ያለው ፎልደር ሲመረመር ሁለት ፋይሎች ተይዘው ኳራንቲን ገብተዋል፤ የአንድ የቢሮ ፕሮግራም ማግበሪያ ክራክ ናቸው። ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ፤ የይለፍ ቃሎቼንም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኜ እየቀየርኩ ነው። ሙሉ ምርመራው በመካሄድ ላይ ነው።

የጥገና_ባለሙያ፦

የይለፍ ቃሎቹን በሌላ ማሽን መቀየርዎ ተገቢ ነው፤ ከኢሜይሉና ከባንኩ ይጀምሩ። በክራኩ የነቃው ፕሮግራምም ራሱ ተራግፎ በሕጋዊው ይተካ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ሰው ፎልደሩን እንደገና ነጻ ያደርገዋል። አዲሱ በትክክል መሥራቱን ለማየት ከፈለጉ ኢካር የተባለውን የመሞከሪያ ፋይል ይጠቀሙ፤ 68 ቁምፊ ያለው ጉዳት የሌለው ጽሑፍ ሲሆን፣ ጸረ-ቫይረሶች እንደ ቫይረስ እንዲይዙት በስምምነት የተዘጋጀ ነው። ሲቀመጥ ወዲያው ከተያዘ የፋይል ጥበቃው በሥራ ላይ ነው።

የሰርቨር_ተቆጣጣሪ፦

የእኔንም ውጤት ላሳውቅ። ዲፌንደር እንደተባለው ከአዲሱ ጋር አብሮ እየሠራ ነበር። ትናንት ማታ ከፊቸሮቹ ዝርዝር አውጥቼ ሪስታርት አደረግሁት፤ ዛሬ ጠዋት የወር መዝጊያው ሪፖርት በቀድሞው ፍጥነት ወጣ። አዲሱ ምርት የሚወጣበት ቀን ሲመጣ ዲፌንደር በእጅ መመለስ እንዳለበት በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የላይሰንሱን ማብቂያ ቀንም ከጎኑ አስፍሬአለሁ።